በሦስት ጣት የተለሰነው ግድግዳ

ውበቱ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው እህል ሲፈጭ የኖረ ሰው ነው። ፀጉሩ መጀመሪያ የሸበተው በዱቄት ነበር፤ ወፍጮ ቤቱን አስረክቦ ዱቄቱ ሲራገፍለት እውነተኛው ሽበት ከሥር ብቅ አለ። እቤት ከዋለ ወዲህ ያስቸገረው ጉልበቱ ሳይሆን ጆሮው ነው። የሞተር ድምፅ የለመደ ጆሮ ዝምታ ያመዋል። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ፣ በጉሮሮው ያንጎራጉራል፦

ወፍጮው ዝም ቢልም ቺንጋው ተበጥሶ፣
ልቤ ይፈጨዋል ያለፈውን መልሶ።

ሚስቱ የብርጓል ከውስጥ ሆና ትሰማዋለች። ወፍጮ ያጣ ሰው ግጥም ይፈጫል እያለች ታሾፍበታለች እንጂ፣ ዝም በል ብላው አታውቅም።

ቤታቸው ከጎረቤታቸው ከቀድሪያ ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በመተላለፊያው ጫፍ፣ አጥሩ ላይ፣ ሰው የሚሾልክበት ክፍተት ተትቷል። በር አልተገጠመለትም። ቤቶቹን በአንድ በጋ፣ በአንድ ደቦ የሠሩት ውበቱና የቀድሪያ ባል አብዱልአሊም ሆን ብለው ነው የተዉት። አብዱልአሊም ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ጣቃውን ጭኖ ይጁቤ ገበያ ድረስ የሚዘልቅ፣ ሳቁ ከጣቃው ቀድሞ የሚደርስ ሰው። አንድ ቀን የውበቱን ጭቃ ይረግጣሉ፣ በማግስቱ የአብዱልአሊምን። ለደቦው ምሳ ሥጋው ለየብቻ ታረደ፤ ጭቃው ግን አንድ ነበር። ሁለቱ ጎረምሶች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ፦

እርገጠው ጭቃውን ይብላላ ከጭዱ፣
ለጎረቤት ሲሆን ቅርብ ነው መንገዱ።

እያሉ ረገጡት።

በመካከላቸው አንድ ያልተነገረ ነገር ነበር። ወፍጮ ቤቱ በተከፈተ በጥቂት ዓመት አብዱልአሊም የቤቱን ጤፍ ሊያስፈጭ መጣ። ያን ዕለት ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ከመዘውሩ ሾለከ። ውበቱ ጓደኛውን እስቲ ቺንጋውን ያዝልኝ ብሎት ወደ ሞተሩ ሄደ። ሰልፉ ረዝሟል፣ ሴቶቹ ያጉረመርማሉ፣ እሱም ተቻኮለ። በቃ የሚለውን ድምፅ ሳይጠብቅ ሞተሩን አስነሣው። የአብዱልአሊም የቀኝ እጁ ሌባ ጣት እዚያው ቀረች።

ሰው በጠየቀ ቁጥር አብዱልአሊም ራሱ ቀድሞ ይመልስ ነበር፤ እኔው ነኝ ሳልጠራ እጄን የከተትሁ፣ ይላል። ለጨርቅ መለኪያ የቀረው ይበቃኛል ብሎም ይስቃል። ውበቱ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። አንድም ቀን አፉን ከፍቶ፣ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ አላለም።

ያቺ ጣት አብዱልአሊም ሶላት ላይ ተቀምጦ ለአንድ አምላክ ሲመሰክር የሚያነሣት ጣት ነበረች። ከዚያ ወዲያ ጉማጇን ነበር የሚያነሣ። ውበቱ አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ጆንያ አንጥፎ ሲሰግድ አይቶታል። ያቺ አጭር ጉማጅ ወደ ላይ ስትል አየና ዓይኑን ቶሎ ወደ ሚዛኑ መለሰ።

አብዱልአሊም ሕመም ጠንቶበት ሲሞት፣ መቃብሩ ላይ አፈር ለመመለስ መጀመሪያ አካፋ ያነሣው ውበቱ ነው። ለሟች ጓደኛው ሊነግረው የሚገባውን ነገር ሁሉ በአፈር መለሰው።

*

ባለፈው ክረምት የብርጓል ግቢያቸው ውስጥ ወደቀች። ግቢው ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴን ዝናብ ሲጠጣ የከረመ ድንጋይ አረንጓዴ ሽበት ያበቅልና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የእጇ አንጓ ተሰበረ። ውበቱ ድንጋዩን በመጥረጊያ ቢፈትገው፣ በአመድ ቢያሸው፣ ሽበቱ ሳምንት ሳይሞላው ይመለሳል። በመጨረሻ፣ መኪና አጣቢዎች ዘንድ ያየውን የላቫጆ ማሽን፣ ያን ውሃውን እንደ ጅራፍ የሚያስጮኸውን፣ ለቤት የሚሆን ገዝቶ ሊመጣ ወሰነ። የብርጓልም እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ አብራው ሄደች።

ሱቁ የሚንሃጅ ነው፤ ፓምፕና ዲናሞ የሚሸጥ፣ ለደንበኛው ዕቃውን ሶኬት ላይ ሰክቶ ሳያሳይ የማይለቅ ነጋዴ። ሁለት ማሽን አወጣላቸው። አንደኛው ትንሽ ነው፣ በአንድ እጅ ይነሣል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከባልዲም ከሮቶም ራሱ እየሳበ ይሠራል። ለግቢ ድንጋይ ይኼ ይበቃል አለ ሚንሃጅ፤ የግፊቱ ብዛት ብቻ ታይቶ ማሽን አይገዛም፣ የሚታጠበው ነገር ምን ያህል ይችላል ተብሎ ነው። ትልቁ ደግሞ ለላቫጆ ቤቶች የመጣ ነው፤ የቤት መብራት መስመር ላይሸከመውም ይችላል።

የብርጓል ትንሹን በደህና እጇ አንሥታ ሞከረችው። ይኼን እኔም እይዘዋለሁ አለች።

ውበቱ ግን ጆሮውን ነበር ያስጠጋ። ትንሹ ሲነሣ እንደ ንብ ጢዝ ይላል። ትልቁ ሲነሣ ወለሉ ሥር የሚያስገመግም ወፍራም ድምፅ አለው። መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፣ መንቀጥቀጡ በክንዱ ወጥቶ ደረቱ ውስጥ ገባ። ወፍጮ ቤቱ የተመለሰለት መሰለው።

"ሞተር ማለት ይኼ ነው" አለ።

"ድንጋይ ልታጥብበት ነው ወይስ ልትፈጭበት?" አለችው የብርጓል።

ሚንሃጅ ሳቀ፤ ክርክሩ ውስጥ ግን አልገባም። ትልቁን ጠቅልሎ ሲያስረክባቸው ጫፉ ላይ የሚገጠሙትን ኖዝሎች አንድ በአንድ አሳየ። ነጯ ውሃውን እንደ ማራገቢያ ትዘረጋለች፤ ሁልጊዜ በእሷ ይጀመራል፣ ራቅ ብሎ፣ መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ተሞክሮ። ቀይዋ ውሃውን እንደ መርፌ ታሾለዋለች። እሷ ለብረት ዝገት ብቻ ናት። ቀለምም እንጨትም አይችላትም፣ ጭቃማ ጨርሶ አይታሰብ አለ። ውበቱ እሺ፣ እሺ ይላል፤ ጆሮው ግን ገና ሞተሩ ጋ ነበር።

መስከረም ጠባና ሰማዩ ሲጠራ ግቢውን አጠበው። ድንጋዩ ከሥር ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። የብርጓል በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፤ ማሽኑን ለመያዝ ሞክራ ክብደቱ ያንገላታት ነበርና፣ ለእሷ የተገዛውን ነገር እሷው በሩቅ ታየው ጀመር። ውበቱ አጥሩን አጠበ፣ የብረት በሩን አጠበ፣ የእህል ጎተራውን መቆሚያ ድንጋዮች አጠበ። የሚታጠብ ነገር አለቀበት።

ያን ሰሞን ቀድሪያ የልጇን የጀነትን ኒካህ ለዘመድ ልትነግር ይጁቤ ሄዳለች። ጀነት ፍኖተ ሰላም ከምትሠራበት ገና አልመጣችም። ውበቱ ማሽኑን ይዞ በመተላለፊያው አፍ ቆመና የቀድሪያን ቤት የኋላ ግድግዳ አየው። ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ለብሷል። የባል እጅ የጎደለው ቤት ብሎ አዘነ። ሠርግ ሊመጣ ነው፣ እንግዳ በዚህ ያልፋል። ሳትመጣ አጥቤ ልጠብቃት አለ።

ግድግዳው ሲሚንቶ ነው ብሎ ነበር የሚያውቅ። አብዱልአሊም ከመሞቱ በፊት በነበረው በጋ ቤቱን ሲሚንቶ አስለስኗል፤ ውበቱ ያን ጊዜ የእናቱን ተዝካር ሊያወጣ ዲማ ሰንብቶ ነበር፣ ሲመለስ የፊት ግድግዳውን አይቶ ቤቱ አማረበት ብሏል። ሲሚንቶው ሦስቱን ጎን ብቻ እንዳዳረሰ፣ የኋላውን አብዱልአሊም ራሱ በእጁ ጭቃ እንደለሰነው አያውቅም።

በነጯ ኖዝል ጀመረ። አረንጓዴው አልለቅ አለው። ቀይዋን ገጠመና ቃታውን ሳበ።

አረንጓዴው እንደ ቅርፊት ተገፎ ወረደ። ከሥሩ፣ እርጥብና ጥቁር ቡና መስሎ፣ ምርጊቱ ወጣ። ምርጊቱ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጡ፣ እጅ ሲለስን ጣት የሚተዋቸው መስመሮች ነበሩ። የሰው እጅ አራት መስመር ነው የሚተወው። እነዚህ ሦስት ነበሩ። ከሦስቱ ጎን፣ አራተኛው ሊሆን በሚገባው ቦታ፣ ጉማጅ የደባበሰችው ደብዛዛ ጭረት።

ውበቱ አየው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። አይቶ፣ ማን መሆኑንም አውቆ፣ ጣቱ ቃታውን አልለቀቀችም። ሞተሩ ያገሳል፣ ውሃው ይገፋል፣ ክንዱ የያዘውን አቅጣጫ ይዞ ሄደ። ያኔም ወፍጮ ቤት በቃ ሳይባል ነበር ያስነሣው፤ አሁንም በቃ የሚለው ነገር ከዓይኑ እስከ እጁ ሳይደርስ ቀረ። ቃታውን ሲለቅ መስመሮቹ ጭቃ ውሃ ሆነው በእግሩ ሥር ይወርዳሉ። ግድግዳው ላይ የቀረው የጎረበጠ አፈርና የተራቆተ ጭድ ነው።

በዝምታው ውስጥ ቆመ። ጆሮውን የሚያመው ዝምታ ያን ቀን ሌላ ዓይነት ነበር።

ጣትህን ሰጥተኸኝ ዝም ብዬ ወሰድሁት፣
ፈለግህ ቢቀርልኝ እሱንም አጠብሁት።

*

የብርጓል መጥታ አየች። ገና ሲነግራት ደህናውን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀድሪያ እዚህ መተላለፊያ ውስጥ ለምን እንደምትቆም አሁን ገባኝ አለች። ልብስ ልታሰጣ ይመስለኝ ነበር፤ ገመድ እንኳ የለም። ከዚያ፣ ሳታይ ቀድመህ ንገራት አለችው። እሱም እሺ አለ።

በማግስቱ ግን ከአጥሩ ሥር አፈር ቆፈረ። ከጎረቤት ጭድ ለመነ። ደጁ ላይ ጭቃ አቦክቶ ብቻውን ረገጠ። የደቦውን ዘፈን ሊያወጣ ጀምሮ ተወው። ሲብላላለት ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መረገው። መጀመሪያ ያሰበው ይኼንን ብቻ ነበር፤ የተራቆተውን መሸፈን፣ ጎረቤት ያለ ልስን እንዳይቀር። ልስኑ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ወደ መዳፉ አጠፋት። በሦስቱ ሳበ። መስመሩ እንደ ቀስተ ደመና ጎበጠ። የታጠፈችው አንጓ ጭቃውን ስትነካው ደብዛዛ ጭረት ተወች። ልክ እንደዚያው። ደነገጠና ወደ ኋላው ዞረ፤ ማንም የለም። ዞሮ ቀጠለ። እስኪጨርስ ድረስ ያቺ ጣት አልተዘረጋችም።

የብርጓል አይታ ብዙ አልተናገረችም። "ዝም ማለቴን እንደ መስማማት አትቁጠርልኝ" አለችው። ያን ቀን ምሳ አቅርባለት አብራው አልቀመጠችም።

ጭቃው ነፋስ እየመታው ደረቀ። ቀድሪያ ከይጁቤ ስትመለስ እንደ ልማዷ ዕቃዋን እንኳ ሳታወርድ በመተላለፊያው መጣች። ውበቱ ክፍተቱ ጋ ቆሞ ይጠብቃታል። ልነግራት ነው የወጣሁት ብሎ ለራሱ ነግሮት ነበር። አፉን ሲከፍት የወጣው፣ ለሠርጉ ብዬ በማሽን አጠብሁልሽ የሚል ቃል ነው።

ቀድሪያ ግድግዳውን አይታ ሻንጣዋን ለቀቀችው። ጠጋ አለች። ሦስት ጣቷን መስመሮቹ ውስጥ አስገብታ፣ ጎባጣውን ተከትላ፣ ቀስ ብላ ወሰደችው። ሽበቱ በልቶ የጨረሰው መስሏት እንደነበር፣ ልትፍቀው እንኳ እንደፈራች፣ የመጨረሻ ሥራው ይኼ እንደነበር እያለቀሰች ነገረችው። ሲሚንቶው ሲያልቅበት፣ ይኼኛው ጎን ወደ ውበቱ ቤት የዞረ ስለሆነ በእጄ አሳምሬ ነው የምሠራው ብሎ፣ ሕመሙ እያሳለው ቀኑን ሙሉ ለስኖታል።

"አላህ ይስጥህ አያ ውበቱ" አለች። "አንተ እኮ መለስህልኝ።"

ከዚያ ደግሞ የባሰውን ነገረችው። ጀነት የኒካህዋ ቀን ከቤት ስትወጣ እዚህ ታመጣታለች። አባቷ የለም፤ ግን እጁ አለ። እጇን እጁ ላይ አሳርፋ ተመርቃ ትሄዳለች።

*

ሙሽራ ስትወጣ ይመርቃል አባት፣
ጭቃ አባት ሆነና ምን ብሎ ይመርቃት።

ግጥሟ በራሷ መጣችበት፣ አልወጣም ብላ ሰነበተች። ለቀድሪያ ሊነግራት በሄደ ቁጥር አንድ ነገር ይገጥመዋል። አንድ ቀን ቤቷ በሴቶች ተሞልቶ፣ ሽንኩርት ከታፊው እስከ ደጅ ተርፎ ነበር። ሌላ ቀን እሷው ቀድማ፣ ለክርስቲያን እንግዶች የሚታረደውን በግ አንተ ነህ የምታስባርክልኝ፣ ድስቱም ለብቻ ተለይቷል፣ አብሳይዋም የብርጓል ናት ብላ ኃላፊነቱን ጫነችበት። በጉን ሊመርጥ ሮብ ገበያ ወጣ። የጮቄ ነፋስ ፊቱን እየገረፈው በበጎቹ መካከል ቆሞ፣ ሻጩ ስለ ላቱ ሲያወራለት፣ እሱ የሚያየው ሦስት መስመር ነበር። በጉን ይዞ ሲመለስ ቀድሪያ መረቀችው። ምርቃቷን የተቀበለበት አንገቱ ቀና ማለት አቃተው።

ከሁሉም የከበደው ውሸቱ ማማሩ ነው። መጥፎ አድርጎ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ራሱ ይናገርለት ነበር። እጁ ግን የአብዱልአሊምን እጅ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት ሙሉ ቀና ብሎ ማየት የፈራውን እጅ ሳያይ አጥንቶታል።

የኒካሁ ቀን ደረሰ። ወንዶቹ በድንኳኑ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሴቶቹ ዲቤ ይመታሉ። ቀድሪያ ሙሽራይቱን በኋላ በር ይዛት ወጣች፤ ውበቱንም የብርጓልንም ጠርታቸዋለች፣ ከእነሱ በቀር ማንም እንዲያይ አልፈለገችም። ጀነት መተላለፊያው ጠቧት የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ መጣች። እጆቿ እስከ አንጓቸው ሂና ተስለዋል። ግድግዳውን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ቀኝ እጇን አነሣች።

"ቆይ ልጄ" አለ ውበቱ። "አትንኪው።"

እጇ አየር ላይ ቀረ።

"የአባትሽ አይደለም። የኔ እጅ ነው።"

ቀድሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግታዋን ሳትሰበስብ፣ ምን ማለትህ ነው አለችው። ነገራት። ማሽኑን፣ ቀይዋን ኖዝል፣ ከአረንጓዴው ሥር የአብዱልአሊም መስመሮች ብቅ ሲሉ ማየቱን፣ እያየ ቃታውን አለመልቀቁን። አንዱ ሳይነገር እንዳይቀር ፈርቶ ሁሉንም ነገራት። ከዚያ ቀኝ እጁን አውጥቶ ሌባ ጣቱን ወደ መዳፉ አጠፈና አሳያት።

"እንዲህ አድርጌ ነው።"

ድንኳን ውስጥ ዲቤው ይመታል። ቀድሪያ የታጠፈውን እጅ ብዙ አየችው። ስትናገር ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ አንተ ይለው የነበረው አፏ ግን ራቀው።

"ሞተሩን ማን እንዳስነሣው አውቃለሁ። ያኔውኑ ነግሮኛል። ማወቅሽን ከሰማ በጸጸት ወፍጮውን ይዘጋዋል፣ ቤተሰቡ ይራባል፣ እንዳትነግሪው ብሎኝ፣ ለእሱ ብዬ ደብቄልዎ ኖርሁ። ይኼንን ደግሞ ለማን ብዬ ልደብቅልዎ?"

ውበቱ ጓደኛው የዋሸለትን፣ የጓደኛው ሚስት የቻለችለትን፣ እሱ በዝምታ የበላውን ዘመን ሁሉ በአንዴ አየው። ጣቱን ሊዘረጋት ሞክሮ አልታዘዝ አለችው።

ያን ጊዜ ጀነት ቀሚሷን ለቀቀችና ከፊቱ መጥታ ቆመች። ከግድግዳው የተመለሰው እጇ የታጠፈውን እጁን ያዘው።

"እንግዲያው ጣትዎን እንዳጠፉ ይመርቁኝ አባባ ውበቱ" አለች። "የአባቴ እጅ ሲመርቀኝ እንዲሁ ነበር።"

ቀድሪያ ፊቷን አዞረች፣ ሂጂም ነይም ሳትላት፣ ወደ እንግዶቿ ገባች። የብርጓል ተከትላት ገባች። ውበቱ ሙሽራይቱ ራስ ላይ ጣቱ የጎደለ የሚመስል እጁን ጫነ። ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም፣ ቤትሽ ይሙቅ፣ ልጅሽ ይባረክ አለ። የሌላ ሰው ምርቃት እየተዋሰ እንደሆነ ያውቃል። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጀነት አሜን እያለች ጠበቀችው።

*

ከዚያ በኋላ ቀድሪያ በክፍተቱ መጥታ አታውቅም። ከየብርጓል ጋር ጉዳይ ሲኖራት በዋናው በር ዞራ ታንኳኳለች። መንገድ ላይ ሲገናኙ ለውበቱ ሰላምታ ትሰጠዋለች፣ እርስዎ ብላ። አክብሮቱ እንደ ብርድ ነው።

ውበቱ ማሽኑን ወደ ሚንሃጅ ሱቅ መልሶ ወሰደው። ሚንሃጅ አገላብጦ አየና ምን ጎደለው አለ። ኃይሉ በዛ አለ ውበቱ። በትንሹ ቀይሮ ተመለሰ። አሁን ግቢውን የምታጥበው የብርጓል ናት፤ ነጯን ኖዝል ገጥማ፣ ራቅ ብላ፣ ድንጋዩን ብቻ። ትንሹ ማሽን ጢዝ ሲል ውበቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

በጥር፣ ከየአውድማው አዲስ ጭድ ወደ ከተማ መግባት ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ከአጥሩ ክፍተት ድምፅ ሰማ።

"አያ ውበቱ።"

ቀድሪያ ናት። ክፍተቱን አላለፈችም፣ ከወዲያ ማዶ ቆማለች። እግሯ ሥር ጭድና የተቆፈረ አፈር አለ።

"ይኼን ግድግዳ እንዲህ ሆኖ ላየው አልችልም። ጭቃውን ርገጥልኝና ልሰነው" አለች። ደግሞም፣ "በሙሉ እጅህ" አለች።

ጋቢውን ጥሎ ተነሣ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ቀድሪያ ውሃውን ታፈሳለች፣ እሱ ይረግጣል፤ ሲደክመው ግድግዳውን ይደገፋል፣ እሷም ቆማ ትጠብቀዋለች። ማንም አልዘፈነም። ጭቃው ሲበስል እየዘገነ የራሱን ውሸት ከላይ እስከ ታች ሸፈነው። ልስኑ ላይ ሲደርስ ጣቶቹን ዘረጋ፤ ሦስቱ ቶሎ ተዘረጉ፣ አንደኛዋ በግድ። ሳበ። አራት መስመር ወጣ።

ቀድሪያ አየችውና ባልዲዋን አንሥታ ተጨማሪ ውሃ ልታመጣ ሄደች። ውበቱ ብቻውን ሲቀር ግድግዳውን ጠጋ ብሎ ተመለከተው። አራቱም መስመሮች እኩል ናቸው ሊል ፈለገ። ሌባ ጣቱ ያለፈችበት ግን፣ ለእሱ ዓይን፣ ከሁሉም ጠልቆ ነበር።